የአቶ ማንደፍሮ ሸሚዝ

ባለፈው ሳምንት ፍቅሬን የተውነው ሄይዋርድ ከተማ በምታስተዳድራት በዚያች ትንሽ አየር ማረፊያ፣ የነዳጅ ቦቴው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ወደ ሰማይ እንዳንጋጠጠ ነበር። ዛሬም እዚያው ነው። የሚወዳት ሴት ሰማይ ላይ እያለች ሌላ የት ይሄዳል?

ታሪኩን ዛሬ ለጀመራችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ፍቅሬ በዲቪ ከመጣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ ሳን ፓብሎ ከአንድ ጓደኛው ጋር ክፍል ተጋርቶ የሚኖር ልጅ ነው። ጠዋት በአውቶቡስና በባቡር ሄይዋርድ ይደርስና ለትንንሾቹ አውሮፕላኖች ነዳጅ ሲሞላ፣ መስታወታቸውን ሲወለውል፣ ከበረራ የሚመለሱትን በእጁ ምልክት እየመራ ሲያቆም ይውላል። ቤቴል ደግሞ የአቶ ማንደፍሮ ልጅ ናት። አቶ ማንደፍሮን ኦክላንድ ውስጥ የማያውቃቸው ሐበሻ የለም። ዳውንታውን የራሳቸው የሒሳብ ቢሮ ያላቸው፣ በቤተ ክርስቲያን በሽማግሌነት የሚያገለግሉ፣ አንዲት ልጃቸውን ነርሲንግ ያስመረቁ የተከበሩ ሰው ናቸው። ለቤቴል ባል ሲታሰብ ምእመኑን ሁሉ ትዝ የሚለው ወይ ሐኪም ወይ ሳን ሆዜ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ኢንጂነር ነው። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ልጅ ማንም አላሰበላትም። እሷ ግን ወዳው ቁጭ አለች።

አቶ ማንደፍሮ አንድ ድካም አለባቸው፤ ይፈራሉ። ገና ወጣት ሳሉ ታናሽ ወንድማቸው መንገሻ በመኪና አደጋ ከሞተ ወዲህ የሚወዱት ሰው ከቤት በወጣ ቁጥር ልባቸው አብሮ ይወጣል። ልጃቸው ሳን ፍራንሲስኮ ልትሄድ ድልድዩን ስትሻገር እንኳ «ስትደርሺ ኮል አድርጊልኝ» ሳይሉ አይለቋትም። እንዲህ ላለ አባት አውሮፕላን ማብረር እየተማርኩ ነው ተብሎ አይነገርም። ቤቴልም ትንፍሽ አላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሆስፒታል ተረኛ ነኝ ትልና ሄይዋርድ ትመጣለች፤ ምስጢሩን የሚያውቅ ሐበሻ ፍቅሬ ብቻ ነው። እሱንም ቃል አስገብታዋለች። አማርኛውን ሁሉ ትሰማለች፣ ለመመለስ ግን እንግሊዝኛው ይቀድማታል፤ ያን ለት ግን በደንብ እንዲገባው ብላ ሁለቱንም ቀላቅላ ነበር የተናገረችው።

«ፕሮሚስ ሚ። ላይሰንሴን ይዤ እኔ ራሴ ነኝ የምነግረው። አንተ ከነገርከው፣ ዊ አር ደን። የምሬን ነው።»

ቃል ገባላት። ቃሉንም እንደ ዓይኑ ብሌን ጠብቆት ነበር።

ፍቅራቸው እንዴት እንደተጀመረ ስታነቡ የከረማችሁ ታውቃላችሁ። ሐበሻ ወንድና ሐበሻ ሴት ዓይን ለዓይን ተያይተው መቆየት ያፍራሉ፤ ወይ እሱ መሬት መሬቱን ያያል፣ ወይ እሷ የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች። እዚህ ግን ሥራው ራሱ ያስገድዳል። አውሮፕላኗ ወደ ማቆሚያዋ ስትመጣ ፍቅሬ ከፊቷ ይቆማል፤ ሁለት እጆቹን ሽቅብ አንሥቶ መዳፎቹን ወደ ራሱ እያወዛወዘ «ወደ እኔ ነይ» ይላል። አብራሪዋ ዓይኗን ከሱ መንቀል የለባትም፣ እሱም ከሷ። ሞተሩ ስለሚጮህ ቃል አይሰማም። በመጨረሻ ሁለት ክንዶቹን ከራሱ በላይ ሲያመሳቅል ትቆማለች። ስንትና ስንት ቅዳሜ በዚህ ዓይነት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ፍቅሬ ሲያያት ቆየና ክንዶቹን ማመሳቀል ዘነጋ፤ ራሷ ናት ፍሬን የያዘችው። ወርዳ ምን ሆነህ ነው አለችው። የዚያን ለት ለሁለቱም ገባቸው።

ያለፈው እሑድ ደግሞ ፍቅሬ እንደ ወጉ ጋሽ ወልደ ሚካኤልን ሽማግሌ ላከ። አቶ ማንደፍሮ ሻይ አቅርበው፣ በትሕትና አዳምጠው፣ ሲጨርሱ «ልጁን ሥራው ላይ ሳለ ልየውና መልስ እሰጣለሁ» አሉ። መቼ እንደሚመጡ አልተናገሩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮ ስለሚገቡ ፍቅሬም ቤቴልም ቅዳሜን አልጠረጠሩም።

*

ያን ቅዳሜ ጠዋት ጭጋጉ ከባሕረ ሰላጤው ላይ ሲገፈፍ፣ የቤቴል አስተማሪ ዶሎረስ በትምህርቱ መሐል ከቆመችው አውሮፕላን ዱብ አለች። ዶሎረስ ጠጉሯ የሸበተ፣ ብዙ የማትናገር፣ ግማሽ ዕድሜዋን አየር ላይ የጨረሰች አሜሪካዊት ናት። በሩን ከውጪ ዘጋችና ለቤቴል እጇን አውለበለበችላት። ሂጂ፣ ብቻሽን፣ ማለቷ ነው።

ፍቅሬ ይሄ ቀን እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። ሌሎች ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ሲወጡ ደጋግሞ አይቷል፤ አጨብጭቦም ያውቃል። ዛሬ ግን ማጨብጨቡ ቀርቶ የነዳጁን ቱቦ እንደያዘ ተተክሎ ቀረ። አውሮፕላኗ አኮበኮበች። መስታወቷ ውስጥ አንዲት ራስ ብቻ ትታያለች። ጎማዎቹ መሬቱን ለቀቁ፣ ከመሬቱና ከጎማዎቹ መሐል ብርሃን ገባ፤ ብርሃኑ ሰፋ፣ ሰፋና ቤቴል ሄደች።

ሰው ሲበር ማየት ለፍቅሬ የዘወትር ሥራው ነው። ሆኖም ያን ለት የመጀመሪያው ሆነበት። ማታ ማታ በስልክ «ደከመኝ» የምትለው ልጅ፣ ጫማዋ ሲጠብቃት ተቀምጣ ጣቶቿን የምታሻሽ ልጅ፣ አሁን ከኮረብታዎቹ በላይ ናት። ከሥሯ ውሃው፣ ረጅሙ የሳን ማቴዎ ድልድይ፣ የኦክላንድ ክሬኖች፣ ሁሉም ተዘርግቷል። የሚይዛት ነገር የለም፤ ነገር ግን ተይዛለች። ፍቅሬ ጸሎት ጀመረና ምን ብሎ እንደሚጨርሰው ጠፋው። እንባውም መጣ።

ዞራ ተመለሰች፤ ወረደች። ሲያቆማት ምልክቱ ተበላሸበት። ቤቴል ከውስጥ ሆና እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር።

ከዚያ ዶሎረስ መቀስ ይዛ መጣች። የበራሪዎቹ ወግ ነው፤ ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በርሮ ሲመለስ አስተማሪው የሸሚዙን ጀርባ ቆርጦ ያወጣና ስሙንና ቀኑን ጽፎበት ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ቤቴል በቲሸርቷ ላይ ደርባ የለበሰችው ሰማያዊ መስመር ያለበት የአባቷን አሮጌ ሸሚዝ ነበር፤ እናቷ ወይዘሮ ፋንታዬ ለሰው ይሰጥ ብለው ካስቀመጡት ልብስ መሐል አውጥታ ለበረራዋ ያደረገችው ነው። ጀርባው ላይ ካውያ ያቃጠለው ቦታ አለ፤ ወይዘሮ ፋንታዬ ተመሳሳይ ክር ቢያጡ በቀይ ክር ጠቅመውታል። መቀሱ ያን ስፌትም አብሮ ቆርጦ አነሣው። ቁራጩ በበረራ ትምህርት ቤቱ ትንሽ ቢሮ፣ ከሌሎቹ ቁራጮች ሥር ተሰቀለ። ከቀትር በኋላ ዶሎረስ አየሩ ጥሩ ነው ብላ ቤቴልን እንደገና ላከቻት፤ ይዘሽ ዙሪ፣ አሳርፊ፣ ተነሺ አለቻት።

ቤቴል ሁለተኛውን ጉዞ በጀመረች ጊዜ የአቶ ማንደፍሮ ካምሪ መኪና በበሩ ገባች።

*

ፍቅሬ ሲያያቸው ክው አለ። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ ባርኔጣቸውን አድርገዋል። ሮጦ ሄዶ እጁ ነዳጅ ስለነካ አንጓውን ዘረጋላቸው። አቶ ማንደፍሮ አንጓውን ጨበጡት፤ ደስ እንዳላቸው ፊታቸው ላይ ይታያል።

«ሥራ አላስፈታህም» አሉት። «ትንሽ አይቼህ እሄዳለሁ።»

የፍቅሬ ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰውዬውን ከሰማዩ ማራቅ። ፀሐይ ነው፣ ወደ ውስጥ ይግቡ ብሎ እየመራ ቢሮ አስገባቸው። ገብተው ካበቁ በኋላ ነው ግድግዳው ትዝ ያለው።

አቶ ማንደፍሮ ዙሪያውን አዩና ቦታው ንጹሕ ነው አሉ። ሥራው ይከብድ እንደሆን ጠየቁት፣ ማታ ትምህርት ቤት መግባት ያስብ እንደሆን ጠየቁት፤ የጠየቁት ሁሉ የአማት ጥያቄ ነበር፣ ሌላ ቀን ቢሆን ፍቅሬን በደስታ የሚያሰክር። ከዚያ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ አረፈ። ነጭ፣ አበባማ፣ ጂንስ፣ ሁሉም በመቀስ የተቆረጠ፣ በየቁራጩ ላይ ስምና ቀን።

«እነዚህ የማን ናቸው?»

«የተማሪዎች ናቸው፣ ጋሼ» አለ ፍቅሬ። ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ብቻቸውን የወጡ ተማሪዎች።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

አቶ ማንደፍሮ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፍቅሬ ሙቀቱ መሰለው። ስሞቹን ባፋቸው ውስጥ እያነበቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄዱ፣ «ምን የመሰሉ ልጆች» ሲሉ፣ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባውም። ሐሳቡ ሁሉ ከታች ጥግ ያለችው ሰማያዊ መስመር ላይ ነበር። ቀስ ብሎ ሄዶ በጀርባው ጋረዳት። ሽማግሌው እየቀረቡ ሲመጡ ክንዳቸውን ያዘ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ እስቲ ቁጭ ይበሉ። ውሃ ላምጣልዎት።»

መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ መቼም በመሐላችን የለም። ነጋሪው ቀጥታ አይናገርም። ዓይን አያይም፣ ክንድ ይይዛል፣ ቁጭ በሉ ይላል፣ ውሃ ያቀርባል። ጥያቄው ሲበረታበት «ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው» ይላል። ፍቅሬ ምስጢር እደብቃለሁ ብሎ አንድ በአንድ ያደረገው ይሄንኑ ነበር፤ አንዲቱንም አልዘለለም።

ውሃውን ይዞ ሲመለስ አቶ ማንደፍሮ ቁራጩ ፊት ቆመዋል። ስሙን አላነበቡትም፤ ማንበብ አላስፈለጋቸውም። ጣታቸው ቀዩ ክር ላይ ነበር፣ ሚስታቸው በጠቀመችው በራሳቸው ሸሚዝ ላይ። ቆይተው ስሙን አነበቡ። ቆይተው ቀኑን። ቀኑ የዛሬ ነው።

ወንበሩ አጠገባቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ወንበሩን ትተው ከነሙሉ ልብሳቸው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ኧረ ደህና ናት» አለ ፍቅሬ። ብርጭቆውን ዘረጋላቸው። «ምንም አልሆነችም፣ ደህና ናት።»

አቶ ማንደፍሮ ቀና ብለው አዩት። አልተቆጡም። «ስለ መንገሻም እንዲሁ ነበር ያሉኝ» አሉ። «ውሃም ሰጥተውኛል።»

ፍቅሬ ያን ጊዜ ነው የገባው። የባርኔጣው መውለቅ፣ ምን የመሰሉ ልጆች ማለታቸው፣ ግድግዳውን የሙታን መታሰቢያ አድርገውት እንደነበር፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባውና ሰማይ ተደፋበት። አፉን ከመክፈቱ በፊት ግን የቤቴል ቃል ጆሮው ላይ ደወለ፤ አንተ ከነገርከው አለቀልን ብላዋለች፣ ቤቴል ደግሞ ያለችውን የማታጥፍ ልጅ ናት። ሊያጣት ነው። ዝም ቢል ደግሞ እኚህ ሰው ከዚህ ወለል ላይነሡ ነው። አንዲት ትንፋሽ ያህል አመነታ። ከዚያ አጠገባቸው መሬት ላይ ተንበረከከና ሁሉንም ዘረገፈው፤ ቅዳሜዎቹን፣ ትምህርቱን፣ የመቀሱን ወግ፣ ቁራጩ የሐዘን ሳይሆን የደስታ ምልክት መሆኑን፣ አሁን በዚህች ሰዓት እዚያ ላይ እየበረረች መሆኗን።

አቶ ማንደፍሮ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡት። አፅናኝ ሲያዳምጡ እንደሚነቀነቀው ነው የነቀነቁት። አንዲት ቃል አላመኑትም። ልጁ ደግ ልጅ ነው፣ እያረጋጋኝ ነው፣ ብለው ነው ያሰቡት።

«ይነሡና ይዩዋት» አለ ፍቅሬ ብብታቸውን ይዞ።

«አላያትም። እንዲህ ሆና ላያት አልችልም።»

ፍቅሬ ከዚህ ወዲያ አልተከራከረም። ሽማግሌ ተሸክሞ አያውቅም፤ ያን ለት ግን ተሸከመ ማለት ይቀላል።

*

ቦቴው ውስጥ ከማማው ጋር የሚነጋገሩትን ሁሉ የሚያሰማ ሬዲዮ አለ። ፍቅሬ አቶ ማንደፍሮን በሩ ላይ አስደግፎ ድምፁን ከፍ አደረገው። አንድ ወንድ ስለ ነፋስ ተናገረ። ሌላ ወንድ አመስግኖ ሄደ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ያቺ ዝምታ ለፍቅሬ ከአዲስ አበባ እስከዚህ ድረስ ከመጣበት መንገድ ሁሉ ረዘመችበት።

«ሄይዋርድ ታወር፣» አለች አንዲት ሴት፣ «ሴስና ዋን ፎር ዙሉ፣ ተች ኤንድ ጎ።» አውሮፕላኗን ጠርታ፣ አሳርፌ መልሼ ልነሣ ነው ማለቷ ነበር።

አቶ ማንደፍሮ ደርቀው ቀሩ። ያን ድምፅ ገና ቃል ሳይሆን ያውቁታል፤ በእቅፋቸው ሆኖ ሲያለቅስ፣ ከኋላ ወንበር ሆኖ መቼ ነው የምንደርሰው ሲል፣ ትላንት ማታ ደህና እደር ሲል ያውቁታል። እንዲህ ሆኖ ግን ሰምተውት አያውቁም። አይቸኩልም፣ አይንቀጠቀጥም፤ የማማው ሰው በአክብሮት መለሰላት።

ፍቅሬ በጣቱ አሳያቸው። ከውሃው በኩል አንዲት ነጭ ነገር ታጥፋ ፊቷን ወደ እነሱ መለሰች፤ ወረደች፣ ወረደች፣ ጎማዎቿ አስፋልቱን ነኩ። አቶ ማንደፍሮ የያዙትን ትንፋሽ ለቀቁ። ወዲያው ሞተሩ አገሣና አውሮፕላኗ እንደገና ተነሣች።

«ለምን ሄደች?» አሉ የፍቅሬን ክንድ ጨምድደው።

«ስለምትችል ነው፣ ጋሼ።»

አቶ ማንደፍሮ ክንዱን ለቀቁ። አገጫቸው ወደ ላይ እንደተነሣ ቀረ። አውሮፕላኗ በራሳቸው ላይ ስታልፍ የሆዷን ነጭ፣ የጎማዎቿን ዙረት አዩ፤ ጥላዋ በአስፋልቱ ላይ ሮጦ በጫማቸው ላይ አለፈ። ባርኔጣቸው አሁንም በእጃቸው ነው። ፍቅሬ አጠገባቸው ቆሞ ይህን ፊት ከዚህ በፊት የት እንዳየው ሲያስብ ቆየና አገኘው፤ በጉባኤ መሐል፣ መዝሙሩ ሲያልቅና ማንም መቀመጥ ሲያቅተው፣ በአቶ ማንደፍሮ ፊት ላይ ያየው ነው። ፍርሃታቸው አልሄደም። እዚያው ነበር፤ ነገር ግን ከሱ የሚበልጥ ነገር መጥቶበት ጥጉን ይዞ ተቀመጠ።

ዞራ መጣች። አሁን አርፋ ለመቅረት ነው። ፍቅሬ ወደ ማቆሚያው ሄደ፤ ሽማግሌውን ከአደጋ በራቀው መስመር ላይ አቆማቸውና ከፊቷ ቆሞ እጆቹን አነሣ። ዞር ብሎ ሲያይ አቶ ማንደፍሮም ሁለት እጆቻቸውን አንሥተዋል። ምልክቱን አያውቁትም። እጃቸው ራሱ ነው የተነሣው።

ቤቴል በመስታወቱ ውስጥ መጀመሪያ ፍቅሬን አየች። ቀጥላ አባቷን። ፍቅሬ ዓይኗ ሲሰፋ፣ ከንፈሯ ሲከፈት አየ። አውሮፕላኗ አንዲት አፍታ ቆም አለች፤ እሱ እጆቹን ማወዛወዙን አላቋረጠም፣ እሷም ዓይኗን ወደ እሱ መለሰችና ቀጥ ብላ መጣች። ያ እይታ የምትቀጣው ይሁን የምትለምነው አልለየለትም። ክንዶቹን አመሳቀለ። ሞተሩ ጠፋ።

አቶ ማንደፍሮ ስትወርድ ጠብቀው ራሷን ዳበሱ፣ ትከሻዋን ዳበሱ፣ ሁለት እጆቿን እያገላበጡ አዩ። አልገሠጹም። እሷ ግን ግሣጼውን እየጠበቀች «ዳዲ፣ አይም ሶሪ» ትላለች ደጋግማ።

«ሸሚዜን ቀደዱት» አሉ በመጨረሻ። ሌላ የሚሉት የጠፋቸው መሰሉ።

ዶሎረስ ነገሩ ሳይገባት አልቀረም፤ ቀርባ የወጉን ምክንያት ነገረቻቸው፣ ቤቴልም በተሰባበረ አማርኛዋ ደገመችላቸው። ድሮ አስተማሪ ከኋላ ነው የሚቀመጠው፤ ሞተሩ ስለሚጮህ ተማሪውን ወደ ቀኝ ወደ ግራ ለማለት ሸሚዙን ከኋላ ይጎትተዋል። ብቻውን የበረረ ለት ከእንግዲህ የሚጎትተው አያስፈልግም ተብሎ ይቆረጣል። አቶ ማንደፍሮ ዞረው የልጃቸውን የተቆረጠ ጀርባ አዩ።

«ለካ እኔ ነኝ ስጎትት የኖርኩት» አሉ።

ቤቴል ሳቀች፣ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረ። ከዚያ ወደ ፍቅሬ ዞረች። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

«ነገርከው» አለችው፤ ባማርኛ።

«ነገርኳቸው» አለ። ለምን እንደነገረ ሊጨምር ይችል ነበር። አባትሽ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር ቢል በሰውዬው ውድቀት ራሱን ማዳን ሆነበት። እሳቸውም እዚያው ቆመዋል። ራሱን ዝቅ አድርጎ ወደ ቦቴው ሄደ።

*

ቱቦውን መጠቅለል ጀመረ። አልተጠቀለለለትም። ቅስሙ ተሰብሯል፤ ቃል ገብቶ ቃሉን በላ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል? ማቆሚያው ጥግ አንድ ሌላ አውሮፕላን ሞተሩን አስነሥቶ ሲያሞቅ ከሩቅ ያለ ድምፅ ሁሉ ጠፋ። ፍቅሬ ደስ አለው፤ ምን እንደሚሉ መስማት አልፈለገም። ማየቱን ግን መተው አልቻለም።

አቶ ማንደፍሮ ያወራሉ፣ ቤቴል ታዳምጣለች። እጃቸውን ወደ ቢሮው ዘረጉ። ጎንበስ ብለው መሬቱን አሳዩ፤ እዚህ፣ እንዲህ ተቀምጬ፣ የሚሉ ይመስላል። መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደ ቦቴው ጠቆሙ። ቤቴል አፏን በእጇ ያዘች። ፍቅሬ ፊቱን አዞረና ቱቦውን እንደ አዲስ ፈታው፤ ለምን እንደፈታው እሱም አያውቅም።

ቀና ሲል ቤቴል በክንፉ አጠገብ ፊቷን ወደ እሱ አድርጋ ቆማለች። ሁለት እጆቿ ተነሥተዋል። መዳፎቿን ወደ ራሷ ታወዛውዛለች።

ከኋላው አውሮፕላን የመጣ መሰለው፤ ዞሮ አየ። ምንም የለም። እሱን ነው። ወደ እኔ ና እያለችው ነው፣ በቀን ብርሃን፣ በአባቷ ፊት፣ ሲመራት በኖረበት ምልክት።

ቱቦውን ጥሎ መራመድ ጀመረ። ግማሽ መንገድ ላይ አቶ ማንደፍሮ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ተገናኙ። የሞተሩ ጩኸት ስለነበር ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«ጋሽ ወልደ ሚካኤልን እሑድ እጠብቃቸዋለሁ በላቸው» አሉት። ትከሻውን መታ አድርገው አለፉ፤ ወደ ኋላም አላዩ። ባርኔጣቸውን አጥልቀው ኮረብታዎቹን ሲመለከቱ ቆዩ፤ ኮረብታዎቹ ላይ ምንም አልነበረም።

ቤቴል እጆቿን አላወረደችም። ጉንጯ ርሷል፣ የተቆረጠው ሸሚዝ ነፋሱ ከጀርባዋ ላይ ያርገበግበዋል። ዓይኗን ከሱ አልነቀለችም፤ እሱም ከሷ አልነቀለም፣ ወጉ ነውና። ቀረበ። በጣም ቀረበ። የማቆሚያው ምልክት የሚሰጥበት ቦታ ላይ ደረሰ፤ አሁን ክንዶቿን ታመሳቅላለች ብሎ አሰበ።

አላመሳቀለችም። እሱም አልቆመም።